ከስኳር በሽታ ጋር ማደግ፦ የእምድብር ልጅ ቀኑና ዓመቱ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመስከረም ወር አጋማሽ ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በመርካቶም ሆነ በሌላ ከተማ ሲነግድና ሲሠራ የከረመው የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ጀፎረው፣ ማለትም በመንደሩ መካከል የተዘረጋው ሰፊ ሣራማ ጎዳና፣ በሰው ይሞላል፤ ሰንጋው ይታረዳል፤ ክትፎው በቅቤ ይለወሳል፤ ቆጮው ይጋገራል፤ አይቡና ጎመኑ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ልጆችም ከአባቶቻቸው እጅ ይጎርሳሉ። በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ልጆች መካከል ግን፣ ከመጉረሱ በፊት ወደ ጓዳ ገብቶ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሆዱን ወይም ጭኑን በመርፌ የሚወጋ አንድ ልጅ ሊኖር ይችላል። የዚህ ንግግር ርእስ ያ ልጅ ነው።

ልጁ ስም አልተሰጠውም። የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን፣ በጤና ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ በየቀጠሮው ቀን የሚያገኛቸው የብዙ ልጆች ኑሮ የሚታይበት ምሳሌ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ታመመ እንበል፤ ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል እንበል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ መርፌ የሚወስድ ከሆነ፣ በእነዚህ ዐሥር ዓመታት ውስጥ 7,300 ጊዜ ያህል ተወግቷል ማለት ነው። ከእነዚህ መርፌዎች አብዛኛዎቹን የወጋው ሐኪም ወይም ነርስ አይደለም፤ መጀመሪያ እናቱ፣ በኋላም እርሱ ራሱ ነው።

ሌላም ቀላል ሒሳብ ማቅረብ ሳይጠቅም አይቀርም። ይህ ልጅ በወር አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣና ባለሙያው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቢሰጠው፣ በዓመት ውስጥ ከባለሙያ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። አንድ ዓመት ደግሞ 8,760 ሰዓት ነው። በቀረው 8,756 ሰዓት በሽታውን የሚጠብቁት፣ የሚመዝኑትና የሚያክሙት ልጁና ቤተሰቡ ናቸው። በብዙ ሌሎች ሕመሞች ሐኪሙ ያክማል፤ ሕመምተኛው ይታከማል። በዚህ ሕመም ግን ባለሙያው ያስተምራል፤ ልጁ ያክማል። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ የሕክምና አገልግሎት መድኃኒቱን ሰጥቶ ልጁን ሊያጣው ይችላል። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

የበሽታው ጠባይ

የስኳር በሽታ ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም፣ በልጅነት የሚከሠተው አብዛኛውን ጊዜ ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነቱ በሽታ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት በገዛ ሰውነት የመከላከያ ኃይል ተጠቅተው ይጠፋሉ። የተበላው እህል ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ስኳሩ ግን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ኢንሱሊን ስላጣ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከልክ ሲያልፍም ውሃን እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ልጁ ይጠማል፤ ይጠጣል፤ ይሸናል፤ ይበላል፤ ግን ይከሳል። ሰውነቱ በጥጋብ መካከል ይራባል። ለኃይል የሚሆነውን ስኳር መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብ ያነዳል፤ ከዚህም የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ኪቶአሲዶሲስ የሚባለው ይህ ሁኔታ በጊዜ ካልታከመ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ለዚህ ሕመም መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች የልጆቹን ምግብ እጅግ በመቀነስ ሕይወታቸውን በጥቂት ወራት ለማራዘም ይሞክሩ ነበር፤ ልጆቹም ከበሽታው ቢተርፉ በረሃብ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከእንስሳት ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርድ ንጥረ ነገር ለማውጣት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። የመጀመሪያው ዝግጅት በሚገባ ያልጠራ ስለ ነበር አጥጋቢ ውጤት አላስገኘም፤ ጄምስ ኮሊፕ አጥርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው ግን ልጁን ከሞት አፋፍ መለሰው። ቶምሰን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው አስተላለፉ። ይህን ያደረጉትም መድኃኒቱ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ እንዳይቀር አስበው ነው።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም ኢንሱሊን ተገኘ ማለት ለሁሉም ልጅ ተዳረሰ ማለት አይደለም። ከቶሮንቶ እስከ እምድብር ያለው መንገድ ገና ተሄዶ አላለቀም።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሕመሙ በቤት ውስጥ ሲጀምር ማንም በስሙ አይጠራውም። ልጁ ሌሊት ሌሊት መኝታውን ማርጠብ ሲጀምር እናቱ ታፍርለታለች ወይም ትቆጣዋለች። ከክፍል ደጋግሞ ለመውጣት ሲጠይቅ መምህሩ ይሰለቻል። ሲከሳ ወስፋት ነው ይባላል፤ ሲደክም ምች መታው፣ ዓይን በላው ይባላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ከሰው በፊት የሚናገረው ጉንዳን ነው፤ ልጁ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ ያዩ አያት ነገሩን ይጠረጥራሉ።

በቤት ውስጥ የሚፈጸመው ስሕተት ይቅርታ ይደረግለታል። የከፋው በጤና ድርጅት በር ከተገባ በኋላ የሚፈጸመው ነው። ልጁ አሲድ በደሙ ሲከማች ያስታውከዋል፤ ሆዱን ያመዋል፤ አተነፋፈሱ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ሰውነቱ ይዝላል። ማስታወኩንና ድካሙን ያየ ባለሙያ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ሊል ይችላል፤ ትንፋሹን ያየ የሳንባ ምች ይለዋል፤ ክሳቱን ያየ የሳንባ ነቀርሳን ይጠረጥራል። እነዚህ ሕመሞች በአገሩ የተለመዱ በመሆናቸው ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ደክሞ የመጣ ልጅ ይበረታ ተብሎ ግሉኮስ ሲሰቀልለት፣ ስኳር በሞላው ደም ላይ ስኳር ይጨመራል። ብዙ ልጆች የስኳር ሕመምተኛ ተብለው ሳይመዘገቡ የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነው። በስሙ ያልተመዘገበ ሞት ደግሞ በቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በቁጥር ያልገባም በሽታ በአካባቢው የለም ይባላል።

የዚህ ሁሉ መፍትሔ አንዲት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ናት። በሽንት ውስጥ ስኳርና ኪቶን መኖሩን በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በቀለሟ ትናገራለች። የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ካለም ከጣት ጫፍ የሚወጣ አንዲት ጠብታ ደም ይበቃል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ የሚከሳ፣ የሚያስታውክ ወይም በጥልቀት የሚተነፍስ ልጅ ሁሉ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ስኳሩ መታየት አለበት።

የከሲታ ሰው በሽታ

«የስኳር በሽታ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል በከተማም በገጠርም የቆየ ነው። ይህ አባባል ብዙ ሕይወት አጥፍቷል፤ ደሀውና ከሲታው ልጅ በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል እንዳይታሰብ አድርጓልና።

በዚህ ረገድ ከጎንደር የተገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጊያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት ወጣቶች፣ ከሲታዎችና በድህነት የሚኖሩ መሆናቸውን፣ ከመካከላቸውም ወንዶች እንደሚበዙ አመለከቱ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይም እንደገና መታየት እንዳለበት ጥያቄ አቀረቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው መድቦት ከቆየ በኋላ በ1999 ከምደባው አውጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በባንኮክ በተደረገው ጉባኤ ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» በሚል ስያሜ እንዲታወቅ ወሰነ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ቀጠሮ ቀን የተነሣው ጥያቄ በዓለም መድረክ ሰሚ አገኘ ማለት ነው።

ከጎንደርና ከጅማ የተገኘው ሁለተኛው ትምህርት ስለ አሠራር ነው። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋሙት የትሮፒካል ሄልዝ ኤዱኬሽን ትረስት ድጋፍ እየሰጠ፣ በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች የስኳር፣ የሚጥልና ሌሎችም ሥር የሰደዱ ሕመሞች ያሉባቸውን ሰዎች በቅርብ እንዲከታተሉ ተደረገ። ሕመምተኛው ለአንዲት ብልቃጥ ሲል የቀናት መንገድ መጓዙ ቀረለት። ሐኪም ሳይጠበቅ በነርስ እጅ፣ ሆስፒታል ሳይደረስ በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህ ሕክምና ሊሰጥ እንደሚችል በተግባር ታየ። እምድብርም በዚህ ረገድ ምድረ በዳ አይደለችም። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሜዲካል ሚሽን እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል በቅርብ ይገኛል። ከሆስፒታሉ በታች ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው በታች ጤና ኬላውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሉ። የጎደለው ሰንሰለቱ አይደለም፤ ስኳር የያዘው ልጅ በሰንሰለቱ ላይ ያለ ማቋረጥ እንዲያልፍ ማድረጉ ነው።

አንድ ቀን

አሁን የልጁን አንድ ቀን ማየት ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። እናቱ በጓዳው ጥግ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ካስቀመጠችው ገንቦ ብልቃጡን ታወጣለች። በቤቱ ማቀዝቀዣ የለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ የተከፈተው ግን ሙቀት ሳያገኘው አንድ ወር ያህል ይቆያል። በትልቁ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ገንቦ ተከትቶ በመካከላቸው የሚገኘው አሸዋ ዘወትር ውሃ ቢጠጣ፣ ውሃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። የእምድብር ወይና ደጋ አየርም ለዚህ ያግዛል። መድኃኒቱን በረዶ የሚያደርግ ቅዝቃዜም እንደ ሙቀት ሁሉ ያበላሸዋልና ከበረዶ ቤት አጠገብ አይቀመጥም።

ብልቃጦቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኩልል ያለ፣ ቶሎ የሚሠራ፤ ሁለተኛው ድፍርስ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ድፍርሱ በኃይል አይናጥም፤ በሁለት መዳፍ መካከል በዝግታ ይሽከረከራል። ሁለቱ በአንድ ስሪንጅ ሲቀዱ ኩልል ያለው ይቀድማል። ልጁ ትናንት ቀኝ ጭኑን ወግቶ ከሆነ ዛሬ ግራውን ይወጋል፤ አንድ ስፍራ ደጋግሞ ቢወጋ ቆዳው ያብጣል፤ መድኃኒቱም በሚገባ አይሰርጽም። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ ቁርሱን ይበላል።

ቁርሱ ቆጮ ነው። ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ በአብዛኛው ገንቢ ያልሆነ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ በመሆኑ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ይህን በማየት አንዳንድ ባለሙያ «ቆጮ አትብላ» ብሎ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ለእምድብር ልጅ ከቤተሰቡ ማዕድ ተነሣ ከማለት አይለይም፤ የሚፈጽመውም የለም። የሚሻለው ልኩን ማስተማር ነው፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በመዳፍ የተለካ ተመሳሳይ መጠን፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር። ቡላ ግን ከእንሰቱ የተጣራ ስታርች ስለሆነ የቡላ ገንፎ ይበልጥ ይጠነቀቁለታል። የቤቱ ምግብ በየዕለቱ ተመሳሳይ መሆኑ ጥቅምም አለው፤ መጠኑ የማይለዋወጥ መርፌ መጠኑ የማይለዋወጥ ምግብ ይፈልጋልና።

ልጁ ጀፎረውን አቋርጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዋናው አደጋ የሚመጣው ከረፋዱ በኋላ ነው። ማለዳ የተወጋው ድፍርስ ኢንሱሊን ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ኃይሉ ይጨምራል፤ ያ ሰዓት ደግሞ የቁርሱ ጉልበት ያለቀበት፣ ምሳው ያልደረሰበት፣ ልጁም በእረፍት ኳስ ሲጫወት የቆየበት ነው። ስኳሩ ይወርዳል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያሰምጠዋል፤ ልቡ ይመታል፤ አነጋገሩ ይዘባረቃል፤ ወይም ያለ ምክንያት ይቆጣል። የማያውቅ መምህር ተኛ ወይም ባለገ ብሎ ይቀጣዋል። የሚያውቅ መምህር ግን ከልጁ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለውን ስኳር አውጥቶ ሁለት ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ያልሰዋል፤ ሩብ ሰዓት ጠብቆም ካልተሻለው ይደግምለታል፤ ሲሻለውም ቆጮ ወይም ዳቦ ያበላዋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይደረግም፤ በጎኑ ተኝቶ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

«የስኳር በሽተኛ እንዴት ስኳር በኪሱ ይይዛል?» ብለው የሚነጥቁት ዘመዶችና መምህራን መኖራቸው አይካድም። ለዚህ ልጅ ያቺ የስኳር ጥቅልል እንደ መርፌው ሁሉ መድኃኒቱ መሆኗን ለትምህርት ቤቱ ማስረዳት የባለሙያው ሥራ ነው። ለዚህም አንድ የጽሑፍ ማስታወሻና የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ይበቃል።

ጾም፣ በዓልና ጸበል

በእምድብርና በአካባቢው ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራሉ፤ የጾም ወራትም በየእምነቱ ይፈራረቃሉ። መርፌውን ወስዶ መጾም የስኳር መውረድን፣ ለመጾም ብሎ መርፌውን መተው ደግሞ ኪቶአሲዶሲስን ይጠራል። በየእምነቱ ሕመምተኛ ከጾም የሚታገሥበት ሥርዓት አለ። ባለሙያው ልጁን በራሱ ቃል ከመከልከል ይልቅ ከቄሱ፣ ከአባው ወይም ከሼኩ ጋር ቢነጋገር ምክሩ ይሰማል።

ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ ተስፋውን ይዞ ልጁን ወደ ጸበል ሲወስድ፣ ያለ ዕረፍት የሚከራከረው ባለሙያ ልጁን ከነቤተሰቡ ያጣዋል። በአጭሩ «ጸበሉን ይጠጣ፤ መርፌውን ግን አያቋርጥ» ቢል ሁለቱም ይጠበቃሉ። ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ምግብ ሲያስጠላው እንኳ ኢንሱሊን ፈጽሞ እንደማይቋረጥ፣ ይልቁንም ውሃ አብዝቶ መጠጣትና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት እንደሚገባ ቤተሰቡ በቃሉ ሊያጠናው ይገባል።

በመስቀል በዓልስ? ክትፎውና ጎመኑ ያን ያህል አያሰጉም። የሚያሰጋው ለልጆች በየቤቱ የሚታደለው ለስላሳ መጠጥና የምግብ ሰዓት መዛባቱ ነው። ልጁ በበዓሉ ይደሰት ዘንድ ክልከላ ሳይሆን ሰዓት ያስፈልገዋል።

ጉርምስና

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በሽታው መልኩን ይለውጣል። ሰውነት ሲያድግ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ልጁም ከጓደኞቹ ተለይቶ መታየትን ይጠላል። መርፌውን ይደብቃል፤ ከዚያም ይዘልለዋል። በልጃገረዷ ላይ የሚደርሰው ይከፋል፤ ወላጆቿ «ማን ያገባታል?» በማለት ሕመሟን ከጎረቤት ይሰውሩታል። የተሰወረ በሽታ ደግሞ የሚደርስለት የለም፤ ልጅቱ በውኃ መንገድ ላይ ስኳሯ ቢወርድ ጓደኞቿ የሚያደርጉትን አያውቁም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው እውነት ነው። በሚገባ የታከመች ልጅ ተምራ፣ ሠርታ፣ አግብታና ወልዳ መኖር እንደምትችል ለወላጆቿ በግልጽ መነገር አለበት።

ለወንዱ ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በእምድብር ልማድ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት በአዲስ አበባ አለ፤ ልጁም ዕድሜው ሲደርስ ወደዚያ ይሄዳል። በመንደር የነበረው ሥርዓት፣ ማለትም የእናቱ ገንቦ፣ የቁርሱ ሰዓት፣ የሚያውቀው መምህርና የቀጠሮው ካርድ፣ በአንድ ቀን ይቀራል። በሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል ወጣት ምሳውን ገበያው ሲቀዘቅዝ ይበላል፤ ለአሠሪውም ሕመሙን አይናገርም። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የሕክምና ታሪኩ የተጻፈበት ወረቀት፣ የሚከታተለው የጤና ድርጅት ስምና ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት በእጁ ሊኖር ይገባል። ሳይነገረው የሄደ ወጣት የሚመለሰው ታሞ ነው።

በነዚህ ዓመታት የሚደረገው ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ታላቅ ጥናት፣ የደም ስኳርን በቅርብ መቆጣጠር የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ ውድ መሣሪያ ባለበት አገር የተደረገ ቢሆንም ትምህርቱ ለእምድብርም ይሠራል፦ ዛሬ የሚዘለል መርፌ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሚጠፋ ዓይን ነው።

የብልቃጥ ሒሳብ

ሠላሳ ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ በቀን 24 ዩኒት ያህል ቢያስፈልገው፣ በወር 720 ዩኒት ይሆናል። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። የተከፈተ ብልቃጥ ከአንድ ወር ብዙ ሊቆይ ስለማይገባው፣ ለልጁ ከየዓይነቱ በወር አንድ፣ በዓመት 12 ብልቃጥ ሊታሰብለት ይገባል። ይህ ለአንድ ጤና ጣቢያ የማይቻል ቁጥር አይደለም። የሚያስቸግረው አለመቋረጡን ማረጋገጥ ነው። ሌላ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ ሕመምተኛው ይጎዳል፤ ኢንሱሊን ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ ግን ይህ ልጅ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ልጁ የመጨረሻውን ብልቃጥ ከመክፈቱ በፊት የሚቀጥለው በቤቱ ሊኖር ይገባል፤ ቀጠሮውም መድኃኒቱ በሚያልቅበት ቀን ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሰጥ ይገባል። ከስሪንጁ፣ ከመመርመሪያ ወረቀቱና ከመጓጓዣው የሚመጣውም ወጪ ለገበሬ ቤት ከባድ መሆኑ አይዘነጋም። በእድርና በእቁብ መደጋገፍን የለመደ ሕዝብ ምክንያቱ በሚገባ ከተነገረው በዚህም እጁን እንደማያጥፍ ይታመናል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላልና።

በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሕሙማኑን ድምፅ ሲያሰማ ኖሯል። በአፍሪካ ደረጃም የጤና ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በሎሜ ተሰብስበው፣ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታን የመሰሉ ከባድ ሕመሞች ሕክምና ከትላልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ በአንደኛ ደረጃ ሆስፒታሎች እንዲሰጥ የሚያስችል ስልት አጽድቀዋል። ውሳኔው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ውሳኔ በራሱ ብልቃጥ አያመጣም።

ለማኅበሩ አባላት

ከዚህ ሁሉ ለአባላት የሚተርፉት አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የሚከሳ፣ የሚያስታውክ ወይም በጥልቀት የሚተነፍስ ልጅ ስኳሩ ሳይታይ አይታከም። ሁለተኛ፣ የአንድም ልጅ ብልቃጥ ሳይተካ አይለቅ። ሦስተኛ፣ የልጁ መምህር ስሙን እንደሚያውቅ ሁሉ የስኳር መውረድ ምልክቱን ይወቅ። አራተኛ፣ ስሪንጁ ከእናቱ እጅ ወደ ልጁ እጅ ቀስ በቀስ ይተላለፍ። ዛሬ መቅዳት ይማር፤ ነገ መውጋት፤ ከዚያም መጠኑን ማሰብ። በአንድ ቀን የተጣለበት ሸክም ይጥለዋል፤ ዕለት ዕለት የተጨመረለት ግን ያበረታዋል። እናቲቱም ቶሎ እጇን አታንሣ፤ ልጁ መውጋት ቢችልም ጠያቂ ይሻልና።

ከእነዚህ አራት ነገሮች ውስጥ ትልቅ መሣሪያ ወይም የውጭ ሊቅ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቁት ከሃያው ደቂቃ ውስጥ ዐሥሩን ለማስተማር ማዋልን፣ ልጁ ሲናገርም ማዳመጥን ነው። ስለ በሽታው መጽሐፉን ባለሙያው ያውቃል፤ ስለ 8,756ቱ ሰዓት ግን የሚያውቀው ልጁ ነው። ማለዳ ምን እንደበላ፣ የት እንደወደቀ፣ መርፌውን ለምን እንደዘለለ ሳይፈራ የሚናገርበት ክፍል ከተገኘ ሕክምናው ተጀምሯል ማለት ነው። ተቆጥቶ የሚጠይቅ ባለሙያ የሚያገኘው የተስተካከለ መልስ እንጂ የተስተካከለ ስኳር አይደለም።

በመጪው መስቀል ያ ልጅ በእምድብር ማዕድ ላይ ይቀመጣል ወይስ ስሙ በለቅሶ ይነሣል? መልሱ በቶሮንቶ ሳይሆን በጤና ጣቢያው መደርደሪያ፣ በመምህሩ እውቀትና በባለሙያው ትዕግሥት ላይ ነው። ልጁ ከጓዳ ወጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እንደ እኩዮቹ ጎርሶ፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት «አሜን» ብሎ ሲቀበል የሚያይ ባለሙያ የሥራውን ፍሬ አይቷል።